ከምንጩ በላይ የታሰበው ቄራ

ያን ዕለት ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ተነሣሁ። የምጠጣውን ውኃ አፍልቼ እንዲበርድ ከደንሁት፤ የአራተኛ ክፍል ልጆችን የሒሳብ ደብተር አረምሁ፤ በራፌን ጠረግሁ። ቅዳሜ ስለ ነበረ ትምህርት የለም። ውኃ የምትቀዳልኝ ልጅ እናቷን ለመጠየቅ ስማዳ ስለ ሄደች እንስራዬን አንሥቼ ራሴ ወደ ምንጩ ወረድሁ።

የማስተምርባት ግራር ገበያ ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ የገበያ መንደር ናት። ዘመኑ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ፥ ወሩም የካቲት ነበር። ምንጯ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፥ ጥድ ከሸፈነው ጉብታ ሥር ትፈልቃለች። ክርስቲያኑም እስላሙም ከርሷ ይቀዳል፤ ሌላ ውኃ የለንም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በጤና መኮንንነቱ ዙሪያዋን በድንጋይ አስገንብቶ ከብት እንዳይገባባት አድርጎ ነበር።

ስደርስ አለቃ ወልደማርያም ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይታጠባሉ። አለቃ የደብሩ አስተዳዳሪና የድጓ ዜማ መምህር ናቸው፤ የድጓ መምህራን በሚፈተኑበት በቤተ ልሔም ገብተው ተመስክሮላቸዋል፤ ስለዚህ አገሩ ሁሉ “የኔታ” ይላቸዋል። ጎረቤቴ ጌጤ ጠላ ለመጥመቅ ውኃ ትቀዳለች። ወዲያው የጨርቅ ነጋዴው የታሂር ልጅ ጁነይዲ ከጉብታው ቁልቁል እየተንደረደረ መጣ። ጁነይዲ አዲስ አበባ፥ በዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር ወጣት ነው፤ ዘንድሮ የአገልግሎት ዓመቱን በትውልድ መንደሩ ተመድቦ ከእኔ ጋር ያስተምራል።

“የኔታ፥ እንዴት አደሩ?” አለና እጅ ነሣ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ የታሂር ልጅ፥ ተማሪዬ ሳትሆን ‘የኔታ’ ትለኛለህ፤ ዜማውን ስጀምርልህ ግን ትሸሻለህ። ደግሞ በዚህ ማለዳ ከየት ነው?”

“ከላይ ከጥዶቹ መካከል። ኮሚቴው ችካል ተክሏል። አላዩትም?”

“ቄራ ሊሠሩ ነው አሉ። ይሥሩ። በየመንገዱ ሥጋ እየሰቀሉ ከውሻ ጋር ከሚታገሉ ይሻላቸዋል።”

“ሁለት ቄራ ነው እኮ፥ የኔታ! ከምንጩ በስተቀኝ የክርስቲያኑ፥ በስተግራ የእስላሙ። ጥዱም ሊመነጠር ነው።”

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት ይገባኛል። በአገራችን ክርስቲያን እስላም ያረደውን፥ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። የከተማው ሥራ ኮሚቴ ቄራ ለማሠራት ሲነሣ “የማን ወደ ገበያው ይቅረብ? የማን ይራቅ?” የሚል ክርክር ገጠመው። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ማንንም ላለማስከፋት ብዙ ደከሙ። በመጨረሻም ገመድ ዘርግተው ለካክተው፥ ከገበያው እኩል የሚርቁ ሁለት ቦታዎች በምንጩ ግራና ቀኝ ትከሻ ላይ አገኙ። ሁሉም አጨበጨበ። ሚዛኑን ሲያስተካክሉ ቁልቁለቱን ረሱት።

ጌጤ እንስራዋን አስቀምጣ ሳቀች። “እሰይ! እስከ ዛሬ እኛ የነሱን ሥጋ አልበላን፥ እነሱም የኛን አልበሉ። እንግዲህ ክረምት ሲገባ የሁለቱንም ደም በአንድ እንስራ ቀድተን ልንጠጣው ነዋ!”

አለቃ ሳቁ፤ ኋላ ግን ፊታቸው ጠቆረ። “ይህንስ አላሰቡትም” አሉ።

“ስለዚህ ፍርድ ቤት እንሂድ” አለ ጁነይዲ።

“ማንን ልትከስ?”

“ኮሚቴውን።”

“ኮሚቴውን ማን ሾመው?”

“መንግሥት።”

“ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማህም? ነው ወይስ እዚያ ትምህርት ቤት ሰማዩንም ታርሳላችሁ?”

“ሰምቻለሁ፥ የኔታ። በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ሰምቶታል። ንጉሡን ማንም አይከስም ይላል። ዝቅ ብሎ ግን፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደል ቢያደርስበት በአገሩ የሚኖር ሰው ሁሉ መክሰስ ይችላል ይላል። ተረቱን አልሻረውም፤ አጥር ሠራለት እንጂ።”

“ኮሚቴው የንጉሥ እጅ አይደለምን?”

“ግርማዊነታቸው ግራር ገበያ መጥተው ችካል አልተከሉም፥ የኔታ። የተከለው የኮሚቴው አባል፥ ባለ ወፍጮው ነው።”

ጌጤ እንደገና ሳቀች። አለቃ ግን አልሳቁም። “አባትህም እኮ ኮሚቴው ውስጥ አለ። አባት ያጨበጨበበትን ልጅ ይከሳል?”

“አባቴ ያጨበጨበው ‘ለእስላሙም ቦታ ተሰጠው’ ብሎ በደስታ ነው። ትናንት ማታ ነገሩን ስነግረው ዝም አለ። አባቴ ዝም ካለ ገብቶታል ማለት ነው።”

“እንግዲያው አንተ ክሰስ። የኔ መኖር ምን ይፈይዳል?”

“እኔ ብቻዬን ብከስ ‘የእስላሙ ቅሬታ ነው’ ይላሉ። እርስዎ ብቻዎን ቢከሱ ‘ካህናቱ እስላሙን ሊያስነሡ ነው’ ይላሉ። ሁለታችን በአንድ አቤቱታ ከቆምን ግን ነገሩ የውኃ ይሆናል።”

አለቃ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። “ስማኝ ልጄ። ዘንድሮ ከዓባይ ማዶ የሚሰማው ወሬ ደግ አይደለም። ግብር በዛብን ያሉ ሰዎች ‘አድመኛ’ ተብለዋል። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ከእስቴም ከስማዳም አኩፋዳ አንጠልጥለው የመጡ ናቸው። አድመኛ ተብዬ ብታሰር ማን ያስተምራቸዋል? ተበትነው መቅረታቸው ነው።”

“ይህን ውኃ የሚጠጡትም እነሱ ናቸው፥ የኔታ።”

አለቃ ወደ እኔ ዞሩና፥ “አንቺስ ወይዘሮ ውባለም? የተማርሽ ነሽ፤ ባልሽም ይቺን ምንጭ ያጠረ ሰው ነው። ምን ትያለሽ?” አሉኝ።

“እርሱ ቢኖር፥ ውኃ የሚበላሸው ከላይ ነው ይል ነበር” አልኋቸው።

“ነፍሱን ይማር” አሉና ዳገቱን ወጡ።

አለቃን በፍርሃታቸው አልወቅሳቸውም። የእርሳቸው ዘመን ሰው መንግሥትን የሚያውቀው በበቅሎ ሲመጣ፥ ግብር ሲቀበልና ሲመለስ ነው። ሲጠየቅ አላየውም፤ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ይችላል ብሎም አያስብም። ነገር ግን አጥብቆ ላሰበው፥ ዝም ብሎ መታዘዝ መንግሥትንም አይጠቅመውም። ሹም ሲሳሳት የሚነግረው ካጣ፥ በስሕተቱ ላይ ቤት ይሠራል፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ማፍረስ ደግሞ ለሁሉም ይከብዳል።

በተከታዩ ሳምንት በማስተምርበት ሰዓት ከጉብታው የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። ልጆቹን ለረዳቴ ትቼ ወጣሁ፤ ጁነይዲም ከሌላው ክፍል ወጥቶ ሮጠ። ስንደርስ ሁለት ታላላቅ ጥዶች ወድቀዋል። ሦስተኛው ወገቡ ድረስ ተቆርጧል። የድጓ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ዳር ቆመዋል። አለቃ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ፥ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፥ ዳገቱን ሲያለከልኩ ወጡ። ቆራጮቹን ሲያዩ ከዚያ ካረጀ ደረት ይወጣል ብዬ ባላሰብሁት ድምፅ ጮኹ።

“በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ፥ ቁም!”

በእኛ አገር ይህ ቃል ሲጠራ፥ ጥፋተኛም ሆነ ንጹሕ ሰው ይቆማል። ቆራጮቹ መጥረቢያቸውን አወረዱ። አሠሪያቸው ካሴ ኮፍያውን አውልቆ ቀረበ።

“የኔታ፥ እኛ እኮ የታዘዝነውን ነው።”

“ያዘዘህንም በሕግ አምላክ ብዬዋለሁ።”

“እሱ እዚህ የለም።”

“እንግዲያው እስኪመጣ ቁም!”

ካሴ ራሱን አከከ። ቆራጮቹን በዓይኑ ጠቀሰና፥ “በሉ ምሳችሁን ብሉ” አላቸው። ምሳ ገና ነበር።

ጁነይዲ ወደ አለቃ ጠጋ ብሎ፥ “የኔታ፥ እንኳን ደስ ያለዎ” አለ።

“በምኑ?”

“መንግሥትን ከሰሱ።”

“ማን? እኔ?”

“ታዲያ ማንን ነው ‘በሕግ አምላክ’ ያሉት? ፍርድ ቤት እግድ የሚለው ይኸንኑ ነው፤ ነገሩ እስኪጣራ እጅህን ሰብስብ ማለት ነው። የእርስዎ ቃል ግን እስከ ምሳ ድረስ ነው የሚያቆማቸው፤ የዳኛው ቃል እስከ ፍርዱ ድረስ ያቆማቸዋል። የቀረው ፊርማው ነው።”

አለቃ ሳይወዱ ሳቁ። “አንተ ልጅ! በገዛ አፌ አሰርኸኝ እኮ።” ከወደቀው ግንድ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን በቅርፊቱ ላይ አሳረፉ። እንዲህም አሉ፦

“እሺ፤ ፍርሃቱን ለእግዚአብሔር ሰጠሁት እንበል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ንፋስ መውጫ የተቀመጠ ዳኛ የእኛን ቁልቁለት ምን ያውቀዋል? ደግሞስ ዳኛው ‘ቄራ እዚህ ሥራ፥ እዚያ አትሥራ’ ካለ ኮሚቴው ለምን ተሾመ? ሁለት አለቃ ያለበት ደብር ቅዳሴው ይታጎላል።”

እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ጁነይዲ፥ “ዳኛው ቦታ አይመርጥም፤ የሚጠይቀው እንዴት ወሰናችሁ ብሎ ነው። የኮሚቴው ደንብ ‘ጤናን የሚነካ ሥራ ሲታሰብ የአካባቢው ሰው ይጠየቅ፥ የጤና ባለሙያም ይየው’ ይላል። ጠየቃችሁ ወይ? አሳያችሁ ወይ? ይላቸዋል” አለ።

“ይኼ ለኔ አንድ ነው። መሻር መሻር ነው።”

ይህን ጊዜ እኔ ጠየቅኋቸው።

“የኔታ፥ ቤተ ልሔም ለምን ሄዱ?”

“ድጓ ላስመሰክር ነዋ።”

“ከዚያ በፊት አያውቁትም ነበር?”

“እንዴታ! እስቴ ላይ ከትልቅ መምህር ሥር ስንት ዓመት ለምኜ ተምሬ!”

“ቤተ ልሔም ሲሄዱ ታዲያ መምህርዎ አልተቀየሙም? ‘እኔ ያስተማርሁትን ማን ያየዋል?’ አላሉም?”

“ምን ይቀየማሉ! የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ቤተ ልሔም ያላየው ድጓ አፉን ሞልቶ አይነገርም።”

“የቤተ ልሔሙ መምህር ‘ድምፅህ አላማረኝም’ ብለው መለሱዎት?”

አለቃ ከት ብለው ሳቁ። “ድምፄማ ያኔም እንደ ቁራ ነበር! እሳቸው ድምፅ አይመርጡም። የሚያዩት የዜማውን ምልክት ነው። ከምልክቱ ከወጣህ የደጃዝማች ልጅ ብትሆን ‘ተመለስ’ ይሉሃል። እሳቸው አያዜሙልህም፤ አንተው ራስህ ከሳትህበት ተነሥተህ...”

ድንገት ቆሙ። ጁነይዲን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

“ዳኛው ለኮሚቴው አያዜምለትም ነው የምትሉኝ።”

“አያዜምለትም፥ የኔታ” አለ ጁነይዲ።

“ምልክቱን ስተሃል፥ ተመለስ ይለዋል እንጂ።”

“ይኸው ነው።”

“ተመልሶ የሚያዜመው ኮሚቴው ራሱ ነው።”

“ራሱ ነው።”

አለቃ የግንዱን ቅርፊት ዳበሱ። “ምነው ወይዘሮ ውባለም፥ ይህን ባለፈው ቅዳሜ ብትነግሪኝ! ይኼ ዛፍ በቆመ ነበር።” ከዚያም እጃቸውን ወደ ጁነይዲ ዘረጉ። “አምጣ፥ የምፈርምበትን።”

በማግሥቱ አለቃ በበቅሎ፥ ጁነይዲ በእግሩ ወደ ንፋስ መውጫ ሄዱ። እኔም በዚያ ዘመዶች ስለ ነበሩኝ አብሬ ወጣሁ። ጌጤ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችን፤ “ዳኛው ቢያስራችሁም ስንቁ ይበቃችኋል” ብላ አሳቀችን።

ዳኛው አቤቱታውን አንብበው እግዱን ሰጡ፤ ለክርክሩም ቀጠሮ ቆረጡ። በቀጠሮው ቀን የኮሚቴው ሊቀ መንበር ቆመው እንዲህ አሉ፦ “ክቡር ዳኛ፥ እነዚህ ሰዎች ሕዝብ እያነሣሡ ነው። ልማት የሚጠላ አድመኛ ነው።”

ዳኛው ወደ አለቃ ዘወር አሉ። “ምን ይላሉ፥ አባታችን?”

አለቃ ቀስ ብለው ተነሡ።

“ጌታዬ፥ አድመኛ ተደብቆ ይዶልታል፤ ሲነቃበት ጫካ ይገባል። እኔ በጠራራ ፀሐይ በበቅሎ መጥቼ በፊትዎ ቆሜያለሁ። መንግሥትን የናቀ ሰው ዳኛውን ፍለጋ ይህን ሁሉ ዳገት አይወጣም። ቄራውን አልጠላሁትም፤ ይሠራ። ውኃችን ላይ ሲሠሩት ግን አልጠየቁንም። ቢጠይቁን ቁልቁለቱን እናሳያቸው ነበር።”

ዳኛው ሊቀ መንበሩን፥ “የአካባቢውን ሰው ጠይቃችኋል?” ቢሏቸው፥ “ሁለቱም ወገን እኩል እንዲሆን ለክተናል” አሉ። “የጤና ባለሙያስ አይቶታል?” ቢሏቸው፥ “ባለሙያው ከሞተ ወዲህ ሌላ አልተተካም” አሉ። እኔ ወደ መስኮቱ ተመለከትሁ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ፍርድ ቤቱ ቄራ የት ይሠራ አይልም፤ ያ የኮሚቴው ሥራ ነው። ኮሚቴው ግን በገዛ ደንቡ መሠረት ሳይጠይቅና ሳያስመረምር ስለ ወሰነ ውሳኔው ተሽሯል፤ ሕዝቡን ጠርቶ፥ ከአውራጃው የጤና ባለሙያ አስመጥቶ እንደገና ይወስን፤ እስከዚያ አንድም ዛፍ አይቆረጥ።

ስብሰባው በገበያው ሜዳ ተደረገ። ሴቶችም ተጠሩ፤ ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። “ነፋሱ ጠዋት ከጉብታው ማዶ ካለው ገደል ወደ መንደር፥ ከሰዓት ከመንደር ወደ ገደሉ ነው፤ ከብት የሚታረደው ከሰዓት ከሆነ ሽታው አይመጣብንም” ያለችው ጌጤ ናት። ታሂርም ተነሥቶ፥ “በመጀመሪያ ያጨበጨብሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ግን ልጄ ይበልጠኛል” አለ። ከአውራጃው የመጣው የጤና ባለሙያም ካየው በኋላ፥ ከጉብታው ማዶ፥ ጎርፉ ወደ ገደል ብቻ የሚወርድበት ቦታ ተመረጠ። ሁለቱም ቄራዎች በመካከላቸው የድንጋይ አጥር ተደርጎ በዚያ ተሠሩ፤ ማንም ከማንም አልራቀም። ሊቀ መንበሩ አለቃን ከቤታቸው ድረስ መጥተው፥ “ተቀይሜዎ ነበር፥ የኔታ። ነገር ግን የኔም ልጆች ከዚያው ምንጭ ነው የሚጠጡት። እግዜር ይስጥልኝ” ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ።

ይህን የምጽፈው ላመሰግን ነው። ተከራክረው ያመኑትን፥ ካመኑም በኋላ ያልፈሩትን አለቃን አመሰግናለሁ። በአባቱና በአገሩ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ያከበረውን ወጣት አመሰግናለሁ። የማያውቀውን ቁልቁለት አውቃለሁ ያላለውን ዳኛም አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ክረምት ምንጫችንን አላደፈረሰውም፤ ከተማሪዎቼ መካከል በሆድ ሕመም የቀረው ጥቂት ነው። የቀሩት ጥዶች ቆመዋል፤ አፈሩን ይይዛሉ፤ ውኃውን ይመግባሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኮሚቴው ዛሬ ድልድይ ሲያስብ፥ ገበያ ሲያዛውር፥ ማንም ሳይከሰው በፊት ሰው ጠርቶ መጠየቁ ነው። በዳኛ ፊት መታየት እንደሚችል ያወቀ ሹም ሥራውን አስቀድሞ ራሱ ያየዋል። ሕዝብም የሚሰማው ዳኛ እንዳለው ካወቀ ድንጋይ አያነሣም፤ አቤቱታ ይጽፋል። በዚህ መንግሥትም ይከበራል፥ አገርም ይለመልማል።

አለቃ ዛሬ ለሚጠይቃቸው ሁሉ፥ “ንጉሥ አይከሰስም፤ ችካል ግን ይከሰሳል” ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን ተከራካሪ ይፈልጋሉ። “አይደለም፥ የኔታ” የሚላቸው እንዲገኝ ሆን ብለው ነገር ያጣምማሉ። ሁሉም፥ “እውነት ነው፥ የኔታ” ይላቸዋል።

ጁነይዲ የአገልግሎት ዓመቱን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። አሁን በግራር ገበያ ለአለቃ የሚመልስላቸው ሰው የለም።